ሠላሳ አንድ ክንድ ወደ ኋላ

በአገራችን ባሕር የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አፍሬበት አይደለም፤ የማወጋውን የሚሰማ ሰው «ለመሆኑ ባሕራችሁ የት ነው?» እያለ እንዳያቋርጠኝ ነው። ሐይቅም የለንም። ያለን ከከተማው በላይ የተገደበ የመጠጥ ውኃ ነው፤ እሱም በበጋ ስለሚጎድል መሐሉ ላይ ቆሞ መነጋገር ይቻላል። ይሁን እንጂ ዓለምን ዞሮ በሚመጣው የሸራ ጀልባዎች ውድድር የእኛን ያህል ደጋፊ ታይቶ አያውቅም። ይህን የምለው ከተማዬ ስለሆነች አይደለም። ለክቼ ነው።

ሥራዬ ገመድ መጣል ነው። ወሰን ሲጠፋ፣ ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ሲጣሉ የምጠራው እኔ ነኝ። ስሜ ጣሰው ነው፤ ሆኖም በስሜ የሚጠራኝ የለም። «ገመዱን ጥሩት»፣ «ገመዱ መጣ»፣ «ገመዱ አሞታል» ይላሉ። ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበራቸው። ጉልበተኛ ፊትህ ቆሞ «አዛንፈህ ለካ» ቢልህ ነፍስህን አታስፈጅ፣ ለካለት ይላሉ። ነገር ግን ከገመዱ ጫፍ በምታንጠለጥላት ሲባጎ ላይ ለእያንዳንዱ የውሸት ክንድ አንድ ቋጠሮ እሰር። ጉልበተኛው ሲያልፍ ቋጠሮውን ቆጥረህ መሬቱን ለባለቤቱ ትመልሳለህ። በእኛ አገር ጉልበተኛ ማለፉ ስለማይቀር ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው።

ወደ ውድድሩ የገባነው በፖስተኛ ስህተት ነው። የጥሪው ደብዳቤ የተጻፈው ባሕር ላለው ጎረቤታችን ነበር፤ ፖስተኛው ለእኛ አመጣው። ሹማምንቶቻችን ከውጭ ለመጣ ደብዳቤ እምቢ ብለው መልሰው ስለማያውቁ «በደስታ እንሳተፋለን» ብለው ጻፉ። የውድድሩ ጌቶች የሚባሉት ሰዎችም ጀልባ ለሌለው አገር ጀልባ ያውሱ ነበርና አንዲት ጀልባ ከነሸራዋ ሰጡን። የቀረው ብቻውን ሆኖ ዓለምን የሚዞርባት ሰው መፈለግ ነበር። እሱም አላስቸገረም፤ በአገሩ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበረች።

አስካለ የግድቡ ዘበኛ የአቶ ጓንጉል ልጅ ናት። አራት በርሜል አንድ ላይ አስራ፣ የጆንያ ሸራ ሰቅላ፣ ግድቡ ላይ የሚበቅለውን አረም ስትነቅል ነው ያደገችው። አባቷ ዋና አያውቅም። ዳር ላይ ቆሞ በዓይኑ ይከተላታል። አንድ ቀን እንኳ «ተጠንቀቂ» ሲላት የሰማ የለም፤ ዓይኑን ሲነቅል ያየም የለም። ሁለት ዓመት ባሕር ባለው አገር ስትማር ቆይታ ልትነሳ ስትል ለጀልባዋ ስም የሚያወጣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ስምንት ወር ተሰብስቦ በመጀመሪያው ፊደል ላይ ተስማማ። አስካለ ጊዜ ስላልነበራት ቀለም ገዝታ ጎኗ ላይ «ደርሳለሁ» ብላ ጻፈችበት።

ውድድሩ ሲጀመር ሬዲዮው በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የአሥራ አንዱን ጀልባዎች ወሬ ያሰማን ነበር። እገሌ ከትናንት ወዲህ ይህን ያህል ማይል ሄደች፣ አፍንጫዋም ወዲህ ነው ይላል። እኛ ግን ማይሉን ሰምተን እርስ በርስ ተያየን። ያልታየ ነገር እንዴት ይደገፋል? በከተማው ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ባሕሩን ከግድቡ በታች ባለው መስክ ላይ ልለካላችሁ አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ የተጨበጨበልኝ ጊዜ የለም።

አሥር ማይል ለአንድ ክንድ አደረግሁት። ምድርን የሚዞረው መንገድ መስኩ ላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ክንድ ሆኖ በልኩ ገባ፤ ዓለም ለመስካችን ተብላ የተሠራች ነው የምትመስለው። መሬት የሆነውን ቦታ በኖራ አሰመርኩ። በስተደቡብ በኩል መርከብ የሚሰብሩ ቋጥኞች አሉ ስለተባለ እዚያ ላይ ጥቁር ድንጋይ አስከመርኩና ጥርሶቹ ብለን ጠራናቸው። ለእያንዳንዷ ጀልባ አንድ ሰው ተመደበ። እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮው ሲናገር እኔ ገመዴን እጥላለሁ፤ ሰውየው የጀልባዋን ያህል ይራመዳል፤ እዚያው ካስማውን ተክሎ እስኪመሽ ይቆማል። በደህና ነፋስ ሃያ ክንድ ይሄዳሉ። ሃያ ክንድ ሄዶ ግማሽ ቀን መቆም ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ መጥቶ ይሞክረው።

በ«ደርሳለሁ» ቦታ አቶ ጓንጉል ቆመ። ይህ ዕጣ አላስፈለገውም። ለሌሎቹ ዕጣ ተጣለና ከሁሉ ፈጣኗ፣ የባሕረኞቹ አገር ጀልባ «ነጭ አሞራ»፣ ለጫማ ሰፊው ለዘለቀ ደረሰችው። ዘለቀ ምስኪን ሰው ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ሆኖም የሌላ አገር ጀልባ የያዘ ሰው ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ የሌላ አገር ሰው ነው ተብሎ ተወሰነ። ሰላምታ አይሰጠውም። የሚያናግረው ቢኖር እንኳ ቋንቋችንን እንደማያውቅ ሰው በእጅ ምልክት ነው። ሚስቱ ሳትቀር ምሳውን አስቀምጣለት ዞር ትል ነበር።

ድጋፋችን በዚህ ብቻ አልቆመም። አስካለ በባሕር ላይ የምትተኛው ሃያ ሃያ ደቂቃ እየቆራረጠች ነው ሲባል ከተማው ሃያ ሃያ ደቂቃ ይተኛ ጀመር። ዳኛው ምስክር እየሰሙ ያሸልባሉ፤ ምስክሩም እዚያው ቆሞ ያሸልባል፤ ከዚያ ሁለቱም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የነፋስ ሹም የሚባል ሹመት ተፈጠረ። ሹሙ ጠዋት ጠዋት ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ያነሳና ነፋሱ በተቃራኒ ከሆነ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ሴቶች እህል የሚያዘሩት በእሱ ፈቃድ ሆነ። ባሕር ጨዋማ ነው መባሉም ስለተሰማ ሕዝቡ አዋጥቶ መስኩ ላይ ጨው በተነበት። ያን ጊዜ የአካባቢው ከብት ሁሉ ጨው ሊልስ ወረደ። ጀልባዎቻችን በላም መሐል መንገዳቸውን ይፈልጉ ነበር፤ ያንን «ማዕበል» አልነው። እየሳቅኩ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ያን መስክ ሳየው ኩራት ደረቴን ይነፋው ነበር፤ አሁንም ይነፋዋል።

በአርባኛው ቀን ገደማ «ደርሳለሁ» ከአሥራ አንዱ ሰባተኛ ነበረች። እዚህ ላይ አንድ የበላይ እንግዳ መስኩን ሊጎበኝ ይመጣል ተባለ። የነፋስ ሹሙ ጠርቶኝ እንግዳው ሰባተኛ ነገር አይወድም አለኝ። ስምንት ክንድ ጨመርኩና ስምንት ቋጠሮ አሰርኩ። በሳምንቱ ጋዜጠኛ መጣ። ሹሙ ጠቀሰኝ፤ አሥር ክንድ፣ አሥር ቋጠሮ። አቶ ጓንጉል ሁለቱንም ቀን ካስማውን ይዞ ወደ ፊት እየተራመደ «ዛሬ ልጄ ሮጠች» አለ። ከከተማው ሰው ነገሩን ያላወቀ እሱ ብቻ ነበር፤ የሚያየው ወደ ፊት ነዋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማውጋት አንደበቴ ይከብደኛል። ሕዝቡ ጭብጨባ ለመደ፣ እኔም ለመድኩ። ሹሙ ሳይጠራኝ፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ አንድ ቀን ሁለት ክንድ፣ አንድ ቀን ሦስት እያልኩ ገመዴን አረዝም ጀመር። በእነዚህ ላይ ቋጠሮ አላሰርኩም። ሕጉ ያለው «ጉልበተኛ ሲያዝዝህ» ነው፤ ያዘዘኝ ጉልበተኛ የለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። «ደርሳለሁ» መስኩ ላይ ሦስተኛ ሆነች። ሬዲዮው ሰባተኛ ናት ሲል ሰዎች በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሬዲዮው ምን ያድርግ፣ ከሩቅ ነው የሚያወራው፤ እኛ በዓይናችን እያየናት ነው ይላሉ።

በስልሳኛው ቀን መብረቅ የአስካለን ጀልባ መታት። እሷ ተረፈች። ያለችበትን ቦታ የሚነግራት መሣሪያ ግን ተቃጠለ፤ የጉዞዋን ልክ የምትጽፍበት ደብተርም ውኃ ገብቶበት ጽሑፉ ሁሉ ሟሸሸ። ሰማዩ ተሸፍኖ ፀሐይም ኮከብም ካየች ስድስት ቀን ሆኗታል። የቀሯት ሬዲዮዋ፣ አቅጣጫ የምታሳየው መርፌና የቀኑን ማይል የምትቆጥርላት ዘንግ ነበሩ። በየቀኑ ምን ያህል እንደሄደች ትናገራለች፤ የት እንደደረሰች ግን አታውቅም። የውድድሩ ጌቶች ደግሞ ተወዳዳሪ እርዳታ ከጠየቀ ከውድድሩ ይወጣል የሚል ሕግ ስላላቸው አይነግሯትም።

አስካለ ታዲያ አንድ ነገር ታውቅ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ተወዳዳሪዎች ከቤተሰባቸው ጋር ሰባት ደቂቃ በሬዲዮ ያወራሉ፤ የዓለም ደጋፊም ሁሉ ያዳምጣል። ስለ መስኩ የነገርናት በዚያ ነው። ስለዚህ በመጪው እሑድ «አባቴ የት ነው የቆመው?» ብዬ ልጠይቅ ወይ ብላ ጌቶቹን ፈቃድ ጠየቀች። ጌቶቹ ሙሉ ቀን ተቀመጡበት። በመጨረሻም መስክ የባሕር መሣሪያ አይደለም፤ መሣሪያ ቢሆን ላም አይግጥበትም ነበር ብለው ፈቀዱላት። ከተማው በደስታ ሰከረ። እኔ ግን ብቻዬን ወደ መስኩ ወርጄ ካስማዋንና ጥርሶቹን አየሁ።

ነገሩ ይህ ነው። በመስኩ ላይ «ደርሳለሁ» ጥርሶቹን አልፋለች። ካለፈች ወደ ሰሜን መታጠፍ አለባት፤ መንገዱ ያ ነው። በእውነት ግን ገና አላለፈቻቸውም። በእኔ ካስማ ተማምና ከታጠፈች የምትገባው በቀጥታ ቋጥኙ ውስጥ ነው።

ወደ ነፋስ ሹሙ ሄጄ ነገርኩት። ጣቱን እያረሰ ሰማኝ።

«ለልጅቱ የምትነግራት ሕዝብ የሚያየውን ነው» አለኝ። «ዓለም እየሰማ ዋሽተናል ልትል ነው?»

«ጌታዬ፣ ድንጋዩ ይሰብራታል።»

ትንሽ አሰበና «እንግዲያውስ ድንጋዩን እናንሳው» አለ።

በማግሥቱ ሃያ ሰው ተሰማርቶ ጥቁሩን ክምር አርባ ክንድ ወደ ፊት ወሰደው። ሥራው በጥንቃቄ ነው የተሠራው፤ አንድም ድንጋይ አልጎደለም። ሹሙ ሲያልፍ አይቶ አሁን ልጅቱ ከአደጋ ወጥታለች አለ፣ ከልቡም ነው ያለው። እሷ ግን የምትጠይቀው ክንዱን ነው፤ የባሕሩ ድንጋይ ካለበት አልተነሳም።

ቤቴ ገብቼ ሲባጎዬን አወጣሁ። አሥራ ስምንት ቋጠሮ። የራሴን ግን አላውቃቸውም። ሬዲዮው በየቀኑ ያለውን ማይልም ወረቀት ላይ ያሰፈረ የለም፤ መዝገባችን መስኩ ነበር። አሥራ አንድ ይሆናሉ? አሥራ አምስት? በመሐላቸው ያለው አራት ክንድ በባሕር ላይ አርባ ማይል ነው፤ ጥርሶቹ ደግሞ ሰፊ ናቸው፣ ጭጋጉም እንዳለ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ወሰን ለይቻለሁ። የገዛ ውሸቴን ልክ ግን ላገኘው አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ከዚያ ዘለቀ ትዝ አለኝ። የእኛ ሰው ጀልባችን ወደ ፊት ስትሄድ ያጨበጭባል እንጂ አይቆጥርም። የሚቆጥር ካለ በውሸት ክንድ የምንቀርብበት የሌላ ጀልባ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሱቁ ሄድኩ። ተረከዝ እየመታ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና እንደ ልማዱ በእጁ «ምን ፈለግህ?» የሚል ምልክት አሳየኝ።

«እንዴት አደርክ ዘለቀ» አልኩት።

መዶሻው እጁ ላይ ቀረ። በስልሳ ስድስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሰላምታ ነበር። ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት፤ ቋንቋውን የረሳ መስሎኝ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ በመጨረሻ። «ገመዱ፣ ልትጠይቀኝ የመጣኸውን አውቃለሁ። ስጠብቅህ ነው የከረምኩት።»

ከጫማ ቅርጾቹ ኋላ አንድ ጠፍር አወጣ። በወስፌው የተበሳ ቀዳዳ በተራ ተሰልፎበታል። ለተጨመረ ክንድ ሁሉ አንድ ቀዳዳ፤ በየቀኑ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትንሽ ጭረት። ሲባጎዬን ከጎኑ ዘረጋሁት። የእንግዳው ቀን ስምንት ቋጠሮ፣ ስምንት ቀዳዳ። የጋዜጠኛው ቀን አሥር፣ አሥር። አንድም አልተዛነፈም። የእኔ ሲባጎ አሥራ ስምንት ላይ ያልቃል፤ የእሱ ጠፍር ይቀጥላል። ጣቴን እያሳለፍኩ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። ጠቅላላው ሠላሳ አንድ።

«ለምን ያዝከው?» አልኩት።

«የሰው አገር ጀልባ ነው የሰጣችሁኝ» አለ ዘለቀ። «በአደራ የተሰጠኝን እንዴት ዝም ብዬ ላስበላ?»

ከዚህ በላይ አልወቀሰኝም። ጠፍሩን ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ በመስኩ ላይ ያልነበረ ሰው አልነበረም። ግንድ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይንጫጫል። አሥራ አንዱ ጀልባዎች በየካስማቸው ቆመዋል። አቶ ጓንጉል ነጠላውን አስተካክሎ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ አዲስ ቦታ ከሄዱት ጥርሶች ፊት ለፊት ቆሟል። የነፋስ ሹሙ ከአጠገቤ ነበር። ማይክሮፎኑ በረጅም ሽቦ ከፖስታ ቤት ተስቦ እኔ እጅ ላይ ነው፤ ልኩን የሚናገረው ገመዱ ስለሆነ።

ከብዙ ጩኸት በኋላ የአስካለ ድምፅ መጣ። ድካሙ ያስታውቃል። ጤና ይስጥልኝ ብላ አገሩን ሁሉ ሰላም አለች። አባቷ ደህና መሆኑን ጠየቀች። ቀጥላም «ጋሼ ጣሰው፣ አባዬ የት ነው የቆመው?» አለች።

ሹሙ ክርኔን ያዘኝ። ክርኔን ይዞኝ እያለ ነው የተናገርኩት።

«አስካለ፣ አባትሽ የቆመው አንቺ የሌለሽበት ቦታ ነው» አልኳት። «መስኩን አዛንፌዋለሁ። አሥራ ስምንት ክንድ ታዝዤ ጨመርኩ። አሥራ ሦስት ክንድ ደግሞ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ደስ ስላለኝ ጨመርኩ። ድንጋዩንም አንስተነዋል። ሠላሳ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ነሽ፤ ሦስት መቶ አሥር ማይል።»

የአሥራ አንድ አገር ሰው እየሰማ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ጓንጉል ዞሮ አየኝ። ከውድድሩ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ኋላ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። በፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን በወደድኩ።

«ልጄ አልሮጠችም?» አለኝ።

«ሮጣለች አቶ ጓንጉል። እኔ ከሮጠችው በላይ ወሰድኳት።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ካስማውን ነቀለ። ካስማውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ፊቱን ወደ ልጁ መንገድ እንዳደረገ፣ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረ። ገመዴን ዘረጋሁለት። አንድ አልኩ። ሁለት አልኩ። ሦስት ስል አንድ ሰው ከሕዝቡ መሐል አብሮኝ አለ፤ ዘለቀ ነበር። አራትን ሚስቱም አለች። አሥርን ግማሹ መስክ አለው። በአሥራ ሰባተኛው ክንድ አራተኛ የነበረችው ጀልባ አለፈችን፤ በሃያ ሁለተኛው አምስተኛዋ፤ በሃያ ስድስተኛው ስድስተኛዋ፤ በሠላሳኛው ሰባተኛዋ። እያንዳንዱ ባለካስማ አቶ ጓንጉል ሲያልፈው ባርኔጣውን ያነሳ ነበር። የዓይኔን እንባ ለመጥረግ እጅ አልነበረኝም፤ በአንዱ ገመድ፣ በአንዱ ማይክሮፎን ይዣለሁ። ብዙ ነገር ስለካ ኖሬያለሁ፤ አንድ ከተማ የገዛ ጀግናውን በገዛ አፉ እየቆጠረ ወደ ኋላ ሲመልስ ግን ከዚያ በፊት አላየሁም። «ሠላሳ አንድ» ሲባል የግድቡ ውኃ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

ካስማው ተተከለ። ድንጋዩ መጀመሪያ የነበረበት ቦታ ላይ ሣሩ ገርጥቶ ክብ ምልክት ትቶ ነበር። ከካስማው እስከዚያ ለካሁ፤ አሥራ ሁለት ክንድ።

«ጥርሶቹ ከፊትሽ ናቸው፣ መቶ ሃያ ማይል» አልኳት። «እንዳትታጠፊ። መርፌሽ እንዳለ ይሁን፤ ካለፍሻቸው በኋላ ታጠፊ።»

ከነፋሱ ድምፅ ጋር «መቶ ሃያ» ብላ ስትደግም ሰማናት።

«በግምቴ ዛሬ ማታ ልታጠፍ ነበር» አለች አስካለ። ቀጥላም «አባዬ፣ አሁን ያለህበት ነኝ» አለች። ሰባቱ ደቂቃ አለቀ።

ለሁለት ቀን ከተማው ሃያ ደቂቃም አልተኛም። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጭጋጉ ተገልጦ ጥርሶቹን በግራዋ በኩል በዓይኗ እንዳየቻቸው፣ ነጭ አረፋ ሲተፉ እንደነበር፣ አልፋቸውም ወደ ሰሜን እንደታጠፈች ሬዲዮው ተናገረ። አቶ ጓንጉል ክምሩ አጠገብ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። ስልሳ ዘጠኝ ቀን ቆሞ ነበር። ዘለቀ ጫማውን ወስዶ ሶሉን ቀየረለት።

«ደርሳለሁ» ከአሥራ አንዱ ዘጠነኛ ሆና ገባች። ያለ መሣሪያ ከዚህ በላይ መሄድ አይቻልም ብለው የሚያውቁት ይናገራሉ። የነፋስ ሹሙ ልጅቱ የዳነችው እሱ ባዘዘው ወደ ኋላ በሚነፍስ ነፋስ ነው የሚል ሪፖርት ጽፎ ተሾመ። የውድድሩ ጌቶች ደግሞ በደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ጨመሩ፤ ከእንግዲህ መስክ የባሕር መሣሪያ መሆን አለመሆኑ በላሞቹ ብዛት ይወሰናል። ከባሕረኞቹ አገር ለዘለቀ ደብዳቤ መጣ። «ነጭ አሞራ» ሁለተኛ ሆና መግባቷን፣ በእኛ መስክ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ እንደነበራት በማወቃቸው መኩራታቸውን ይገልጻል። ዘለቀ ደብዳቤውን ሱቁ ውስጥ ሰቅሎታል። ያኔ በምልክት ያናገሩት ሰዎች ዛሬ በየሰበቡ ጫማ ያሠራሉ።

አስካለ የተመለሰች ዕለት መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቤቷ አልነበረም። ከአባቷ ጋር መስኩ ላይ ወረደች። አቶ ጓንጉል ያን እሑድ በቆመበት ቦታ የመታሰቢያ ካስማ ተክለን ነበር፤ ማንም አልነካውም። አጠገቡ ቆማ ጥርሶቹን ለረጅም ጊዜ አየች። ድንጋዮቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ የመለስኳቸው እኔ ነኝ፣ ብቻዬን፣ አንድ በአንድ። ይቅርታ ልጠይቃት ቀረብኩ። እሷ ግን እጇን ዘርግታ «ጋሼ ጣሰው፣ ሲባጎውን ስጠኝ» አለች።

ሰጠኋት። አሥራ ስምንቱን ቋጠሮ በጣቷ ቆጠረች። ቀጥሎ ባዶው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ፣ ባሕር ያሻከራቸው ጣቶቿ በፍጥነት እየተንቀሳቀሱ፣ ማሰር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ በልቤ ተከተልኳት። አሥራ ሦስት ላይ ስትደርስ አቆመችና መለሰችልኝ።

አሁንም ለልኬት ስወጣ ከገመዴ ጫፍ ተንጠልጥላ ትከተለኛለች። ወሰን የተጣሉ ሰዎች ከመጀመሬ በፊት ያቺን ሲባጎ እንዳሳያቸው ይጠይቁኛል፤ አይተዋት ልኬቴን ሳይከራከሩ ይቀበላሉ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስምንት የእኔ ቋጠሮዎች ናቸው፤ ጥፍር ያለው ሰው ይፈታቸዋል። አሥራ ሦስቱ ግን የባሕር ቋጠሮ ናቸው። በተጎተቱ ቁጥር ይጠብቃሉ። እስካሁን ሊፈታቸው የቻለ የለም፤ እኔም ሞክሬ አላውቅም።